መመርመርን የማይፈራ መሪ



በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ አንድ ሽማግሌ ኃላፊነቱን ሲያስረክብ እናገኛለን። ሳሙኤል ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእስራኤል ፊት የኖረ ሰው ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሳኦልም በጌልገላ ነግሦ ሕዝቡ ደስ ብሎታል። በእኛ ልማድ እንዲህ ያለው ቀን የምስጋና ቀን ነው። ካባ ይደረባል፣ ስጦታ ይበረከታል፣ የአገልግሎት ዘመኑ በግጥም ይወደሳል። ሳሙኤል ግን በዚያ ቀን ከሳሽ ፈለገ። አዲሱ ንጉሥ ቆሞ እየሰማ፣ የማንን በሬ እንደ ወሰደ፣ የማንን አህያ እንደ ነዳ፣ ማንን እንደ በደለና እንደ ገፋ፣ ፍርድ ለማጣመም ከማን እጅ ጉቦ እንደ ተቀበለ ሕዝቡ እንዲመሰክርበት ጠየቀ። ከተገኘበትም ሊመልስ ቃል ገባ።

በበሬና በአህያ መጀመሩን ልብ በሉ። የአገራችን ገበሬ የዚህ ጥያቄ ክብደት ይገባዋል። በሬው የተወሰደበት ሰው የዓመቱን እርሻ አጥቷል፤ ከጎረቤቱ ጋር በሬ አቀናጅቶ የሚያርስ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የሁለት ቤት ነው። ሳሙኤል የጠየቀው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ስለሚያሰላው፣ በልጆቹ ጉሮሮ ስለሚገባው ነገር ነው። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ መሰከረለት።

በዚያው ንግግር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳናየው የምናልፈው አንድ ሐረግ አለ። ሳሙኤል ልጆቹ በሕዝቡ መካከል እንዳሉ ይናገራል። እነዚህ ልጆች፣ ኢዮኤልና አብያ፣ አባታቸው በቤርሳቤህ ፈራጅ አድርጎ የሾማቸው ነበሩ፤ ረብ ፍለጋ ሄደው ጉቦ እንደ ተቀበሉ፣ ፍርድም እንዳጣመሙ ከአራት ምዕራፍ በፊት ተጽፏል። ነገሩን ለሳሙኤል የነገሩት የእስራኤል ሽማግሌዎች ናቸው። እጁ የጸዳ ነቢይ እንኳ በገዛ ልጆቹ ጉዳይ ሌላ ዐይን አስፈልጎታል። ይህን የምናገረው ሳሙኤልን ለማሳነስ አይደለም። እንደ እርሱ ያለ ሰው ጠያቂ ካስፈለገው እኛ ምን ያህል ያስፈልገናል ለማለት ነው።

ስለ መንፈሳዊ መሪ ባሕርይ ስንነጋገር የሚነሣው ብዙ ነው። ጸሎት፣ ትሕትና፣ ትዕግሥት፣ የቃሉ እውቀት፣ ሰውን መውደድ፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ የሰጣቸው መመዘኛም ረጅም ነው። እኔ ግን ይህን ሰዓት ለአንድ ባሕርይ ልስጠው፤ እርሱም ራስን ለምርመራ ማቅረብ ነው። ሳይጠየቅ ሒሳብ የሚያቀርብ፣ ሲጠየቅ የማይቆጣ፣ ተሳስተሃል ሲባል የሚሰማ መሪ ማለቴ ነው። ለምን ይህን መረጥህ ብትሉኝ፣ ሌሎቹን ለማስመሰል ስለሚቻል ነው። ሰው ረጅም ጸሎት ሊጸልይ፣ አንገቱን ደፍቶ ትሑት ሊመስል፣ ጥቅሱን በቃሉ ሊያነበንብ ይችላል። መዝገቡን ከፍቶ በሰው ፊት ማስቀመጥን ግን ማስመሰል ያስቸግራል።

ሙሴን እንውሰድ። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ነበር፤ ከእርሱ የበለጠ «እመኑኝ» ለማለት የሚደፍር መሪ ከየት ይመጣል? ሆኖም የመገናኛው ድንኳን ሥራ ሲጠናቀቅ ሒሳቡ እንዲሠራ ያዘዘው እርሱ ራሱ ነው። ሌዋውያን በአሮን ልጅ በኢታምር ኃላፊነት ቆጠሩት፤ ውጤቱም በዘጸአት 38 ላይ ሰፍሯል። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፤ ናሱ 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል፤ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል። ብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ስንጣደፍ ይህን ምዕራፍ በዐይናችን ዳስሰን እናልፋለን። ዛሬ በብሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሃያ ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ፣ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ እኩል ግማሽ ሰቅል ሰጥቷል። የተቆጠሩት 603,550 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሲሰላ 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ 100ው መክሊት 300,000 ሰቅል ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው 1,775 ሰቅል። ሒሳቡ ያለ አንዲት ጉድለት ይገጥማል።

ወጪውም ተነግሯል። 100ው መክሊት 100 እግሮች ተሠሩበት፤ ለአንዱ እግር አንድ መክሊት። ትርፉ 1,775 ሰቅል ለምሰሶዎቹ ኩላቦችና ዘንጎች፣ ለጉልላቶቹም መለበጫ ዋለ። በበረሃ፣ ገና ከባርነት በወጣ ሕዝብ መካከል፣ ግማሽ ሰቅል የሰጠው ሰው ብሩ የት እንደ ገባ በዐይኑ አይቶ ሊያውቅ ይችል ነበር። ይህ ምዕራፍ ከመቅደሱ ታሪክ መካከል የገባ ደረቅ የጽሕፈት ቤት ወረቀት አይመስለኝም። ሰው በልቡ ፈቃድ ላመጣው ነገር የተሰጠ ክብር ነው።

ሌላም አለ። የጥበብ ሠራተኞቹ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ እያመጣ መሆኑን ሲነግሩት፣ ሙሴ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳያመጣ በሰፈሩ አዋጅ አስነገረ። እስቲ ንገሩኝ፤ በገቢ ማሰባሰቢያ መድረክ ላይ ቆሞ «የሚያስፈልገን ሞልቷል፣ ከእንግዲህ ኪሳችሁን አትክፈቱ» ያለ መሪ ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ይህ ልማድ በሙሴ አልቆመም። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠውን ብርና ወርቅ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ለአሥራ ሁለት የካህናት አለቆች መዝኖ አስረከበ፤ ብሩ ብቻ 650 መክሊት ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሰው በአራተኛው ቀን በቁጥርና በሚዛን ተረከቡት፤ ክብደቱም ተጻፈ። እነዚህ ሰዎች ከንጉሡ ወታደር መጠየቅ አሳፍሯቸው፣ ጾመውና ጸልየው የወጡ ናቸው። በእግዚአብሔር ጥበቃ መታመናቸው ሚዛኑን አላስጣላቸውም። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልፈለገም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም እንዲሄድ አደረገ፣ ሌላ የተፈተነ ወንድምም ጨመረ፤ ነገሩ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም እንዲሆን ማሰቡን ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ጻፈላቸው። «እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል» የሚለውን ቃል ሒሳብ ላለማቅረብ መሸሸጊያ የሚያደርግ መሪ ካለ፣ ጳውሎስ በዚያ መሸሸጊያ አልተጠቀመም።

አሁን ልቤን ወደሚያሳዝነው ታሪክ ልምጣ። በሁለተኛ ነገሥት 12 ላይ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአስ አለ። በሰባት ዓመቱ ነገሠ። ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ እየተቀበሉ የቤተ መቅደሱን ናድ እንዲጠግኑ አዘዘ፤ እስከ 23ኛው ዘመነ መንግሥቱ ግን ናዱ አልተጠገነም። ሌቦች ነበሩ አይልም መጽሐፉ፤ ገንዘቡ ይገባል፣ ሥራው አይሠራም፣ ያ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በእኛም ቤት የሚሆነው ይኸው ነው። የሚሰርቅ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ግን የገቢውና የሥራው ነገር ሳይገናኝ ዓመታት ያልፋሉ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰውም እያጉረመረመ ይሰጣል።

መፍትሔው የእኛን ሙዳየ ምጽዋት የሚመስል ነው። ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ቀደደው፤ ወደ ቤቱ ሲገባ በስተቀኝ፣ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን መጥተው አብረው ቆጠሩት፤ ከዚያ ተመዝኖ ለሥራው አዛዦች፣ ከእነርሱም ለአናጢውና ለግንበኛው፣ ለድንጋይ ወቃሪው ደረሰ። ሁለት ሰዎች፣ ከሁለት የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች፣ በአንድ ጊዜ። ናዱ ተጠገነ።

የሥራው አዛዦች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ሒሳብ አልተጠየቁም የሚለው ቃል በዚሁ ምዕራፍ አለ። ይህን ይዞ «እንግዲያውስ ኦዲት የእምነት ማነስ ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ገንዘቡ እነርሱ እጅ የደረሰው በሁለት ሰው ተቆጥሮና ተመዝኖ ነው፤ ሥራቸውም በግድግዳው ላይ ለሁሉ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለው መታመን የሚገኘው ሥርዓቱ ቀድሞ ስለ ቆመ ነው።

ያሳዘነኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለተኛ ዜና መዋዕል 24 የኢዮአስን የኋላ ዘመን ይተርካል። ዮዳሄ፣ ሚስቱ ከግድያ አትርፋ ስድስት ዓመት በመቅደስ የሸሸገችውን ሕፃን አንግሦ፣ መክሮ እንደ አባት ያሳደገው ሰው ነበር። እርሱ ሲሞት የይሁዳ አለቆች መጥተው ለንጉሡ ሰገዱ፤ ንጉሡም እነርሱን ሰማ። ሕዝቡ ወደ ጣዖት ዞረ። የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ ተነሥቶ ሲገሥጽ ንጉሡ አዘዘና በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ በድንጋይ ወገሩት። ያ አደባባይ በኢዮአስ ሣጥን ገንዘብ የታደሰው ቤት አደባባይ ነው። ገንዘቡን ያስቆጠረ ንጉሥ የራሱን ሥራ የሚቆጥርበት ሰው ሲመጣ አልታገሠም። ብዙ ቤተ ክርስቲያን የኦዲት ደንብ አላት፤ ማኅተም ያለበት ሪፖርት በየዓመቱ ይነበባል፤ ነገር ግን መሪውን «ይህ ውሳኔህ ልክ አልነበረም» ያለ ዲያቆን ወይም ወጣት በሚቀጥለው ምርጫ ስሙ አይነሣም። የገንዘቡ ምርመራ የባሕርዩን ምርመራ ካላስከተለ ግማሽ መንገድ ነው።

ተግሣጽ የሚችል መሪ ምን እንደሚመስል ሁለቱን ነገሥታት አቆራኝቶ ማየት ይቻላል። ሳኦል ከአማሌቅ ጦርነት ተመልሶ በቀርሜሎስ ለራሱ የመታሰቢያ ዓምድ አቆመ። ሳሙኤል ሲጠይቀው መጀመሪያ ታዝዣለሁ አለ፤ ቀጥሎ በጎቹን ያተረፈው ሕዝቡ ነው አለ፤ መጨረሻ በድያለሁ አለ፣ ግን ወዲያው በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ለመነ። የጨነቀው ገጽታው ነበር። ዳዊት የሠራው ኃጢአት በሰው ሚዛን ከሳኦል ይከብዳል፤ ዝሙት አለበት፣ የታማኝ ወታደሩም ደም አለበት። ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ሲነግረው ግን ሰበብ አልደረደረም፤ እግዚአብሔርን በደልሁ አለ። ናታንንም ከቤተ መንግሥት አላራቀውም። ዳዊት አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ወደ እልፍኙ ገብቶ የሚያናግረው ያው ናታን ነው። ከሚስቱ ከቤርሳቤህ ከተወለዱለት ልጆችም የአንዱ ስም ናታን ነው፤ ይህን ባነበብሁ ቁጥር እቆማለሁ።

እዚህ ላይ በአገልጋዮች መካከል ስለሚዘወተር አንድ አነጋገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መሪ ሲጠየቅ «የተቀባውን አትንኩ» ይባላል። ቃሉ ያለው በመዝሙር 105፣ በግእዙ አቆጣጠር 104 ላይ ነው። መዝሙሩን ከፍ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ከአገር ወደ አገር የሚንከራተቱ እንግዶች ነበሩ፤ እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸ። ፈርዖንና አቢሜሌክ በሣራ ምክንያት የደረሰባቸውን አስታውሱ። ቃሉ ደካማውን ከባለ ሥልጣን የሚጠብቅ ነበር፤ እኛ ባለ ሥልጣኑን ከደካማው ለመጠበቅ ገለበጥነው። ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አለማንሣቱም ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ አልገደለውም። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ የልብሱን ጫፍ በእጁ ይዞ፣ በሠራዊቱ ፊት ጮክ ብሎ ለምን ታሳድደኛለህ ብሎ ጠየቀው፤ እግዚአብሔር በመካከላችን ይፍረድ አለው። መግደል ሌላ ነው፣ መጠየቅ ሌላ ነው።

ሥልጣኑን መሸሸጊያ ስላላደረገው ስለ ይሁዳ ገዥ ስለ ነህምያም በአጭሩ። 12 ዓመት ገዥ ሆኖ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ከእንጀራውና ከወይኑ ሌላ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት ምርጥ በጎች እየታረዱ 150 ሰው ከገበታው ይበላ ነበር። በአራጣ ምክንያት ሕዝቡ ሲጮኽ ደግሞ መኳንንቱን ብቻ ወቅሶ አልተቀመጠም፤ እርሱም፣ ወንድሞቹም፣ ሎሌዎቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን በጉባኤ ፊት ተናግሮ እንተው አለ። ራሱን ከጥያቄው ውጭ አላደረገም።

የምንጠየቅበት ገንዘብ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። የዕብራውያን መልእክት መሪዎች ስለ ነፍሳት መልስ እንደሚሰጡ ሆነው እንደሚተጉ ይናገራል። በዚህ ላይ ሳስብ የሚታወሱኝ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በደርግ ዘመን ታስረዋል፣ ተፈትተዋል፣ አደጋው እየቀረበ መሆኑንም ያውቁ ነበር። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢቀርብላቸው መከራ ላይ ያለውን ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አስተምረው ከወጡ በኋላ ተወሰዱ፤ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ እስራት ተቀበሉ። ቄስ ጉዲና ምእመኑን በአደራ እንደ ተቀበሉት፣ አንድ ቀንም እንደሚያወራርዱት አድርገው ነበር የያዙት። ሁሉም መሪ ለሞት ይቅረብ ማለቴ አይደለም። የሸሸውንም አልወቅስም፤ ጌታ ራሱ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላ ከተማ ሽሹ ብሏልና። የምላችሁ፣ ምእመኑን በአደራ መዝገብ ላይ እንደ ሰፈረ ስም የሚያይ መሪ ገንዘቡንም ቃሉንም በዚያው ዐይን ያያል ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የምታገለግሉ አላችሁ፤ የአጥቢያ ሽማግሌዎች አላችሁ፤ ከአገር ውጭ በቦርድ የምትመሩም አላችሁ። በ1965 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ሲወጣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ መደረጉ ትልቅ ነገር ነበር። መዋቅሩ በየቤተ እምነቱ አለ። የጎደለን መዋቅሩ የሚያስችለውን ጥያቄ የሚጠይቅ አንደበትና የሚሰማ ጆሮ ነው። የጠየቀው ሰው «ነገረኛ» ይባላል፤ ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኝ ስትጠይቅ «መንፈሳዊነት ይጎድላታል» ትባላለች። በስደት ባሉ ማኅበረ ምእመናን ዘንድ ደግሞ በጊዜው ያልተመለሰ ትንሽ ጥያቄ አድጎ ወንድሞችን በባዕድ ዳኛ ፊት ሲያቆም፣ የሕንፃ መግዣ ተብሎ በትርፍ ሰዓት ሥራ የተጠራቀመ ገንዘብ ለጠበቃ ሲከፈል እናውቃለን። በአረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የዋለች እህት ለደብሯ የላከችው ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ማወቅ መብቷ ነው፤ እንድትጠይቅም መጠበቅ የለብንም።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጳውሎስ በሽማግሌ ላይ የሚመጣን ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል ጢሞቴዎስን ያዘዘው የሰው ስም በቀላሉ ስለሚጎድፍ ነው። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት እንዲገሥጽ አዘዘው። ሁለቱ ትእዛዛት ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ምስክር ሳይዙ የመሪን ስም በቲክቶክ አደባባይ የሚያወጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ጥሰዋል፤ ምስክር ተሟልቶ እያለ «ለቤተ ክርስቲያን ስም ሲባል» ብለው የሚሸፍኑ ሁለተኛውን ጥሰዋል። የተበደለችው ነፍስ በሁለቱም መካከል ትጠፋለች።

ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ልትጀምሩት የምትችሉትን ላቅርብ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት የሚቆጥሩት በዝምድና የማይገናኙ ሰዎች ይሁኑ፤ ቃለ ጉባኤው እዚያው ይፈረም። የሒሳብ ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ያንብበው፤ ምእመኑም አስቀድሞ በጽሑፍ አይቶት ይምጣ። የመሪው ደመወዝ ወይም የቤተሰቡ ቅጥር ሲነሣ መሪው ሰብሳቢነቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከአዳራሹ ይውጣ። ኃላፊነቱን የሚለቅ አገልጋይ ሁሉ ንብረቱን፣ ያልተወራረደውን ሒሳብ፣ ቃል የገባቸውንና ያልፈጸማቸውን ጉዳዮች ጽፎ ርክክብ ያድርግ፤ ከርክክቡ በፊት የምስጋና ፕሮግራም አይዘጋጅ። ከእነዚህ የትኛው በአጥቢያችሁ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚከብድና ለምን እንደሚከብድ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። በዚያ ላይ እንወያይ።